ወይዘሪትን የሰፋሁ ጊዜ

ሰኞ፣ 4

ይህ የልኬት ደብተር ነው። ከፊት በኩል የሰው ደረትና ወገብ ተጽፎበታል፤ እኔ ከኋላ ገልብጬ ጀመርኩ። ማስታወሻ የመያዝ ልማድ የለኝም። የዛሬውን ግን ለአንድ ሰው መንገር ነበረብኝ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ከእኔና ከስፌት መኪናዬ በቀር ማንም የለም። መኪናዋ ራሷ ስታወራ እንጂ ሰው ስትሰማ አላየሁም።

ወይዘሪትን ውሻ ነከሳት።

ወይዘሪት ዶሮ ናት። ቀይ፣ አንገቷ ላይ ወርቅማ ላባ ያላት፣ ኩሩ። ስሙን ያወጣችላት የባለቤቴ እህት ናት፤ አውራ ዶሮ አጠገቧ ስለማታስደርስ። እህትየዋ ካረፈች በኋላ ባለቤቴ በቅርጫት አድርጋ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ አመጣቻት። ከእህቷ ቤት ይዛ የመጣችው እሷን ብቻ ነው። ልጃችን ስትወልድ ልትረዳት የሄደች ጊዜም አደራ ያለችኝ እሷን ብቻ ነው። ልጃችን የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ዶሮ አይወጣም። «ወይዘሪትን አደራ፤ በሩን ሸንጉረው» አለችኝና ሄደች። ለአንድ ወር ነበር። አሁን ሰባተኛው ነው። ሕፃን ሥራ ያበዛል።

ከሰዓት በኋላ የግቢውን በር ከፍቼ ቆሻሻ ላወጣ ስል ስልኩ ከሱቅ ውስጥ ጮኸ። (ሱቅ የምለው የቤታችን የፊት ክፍል ነው።) ደንበኛ ሊሆን ይችላል ብዬ ሮጥኩ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ እንደ ጉርምስናዬ ሮጥኩ፤ አንዱ ጫማዬ መንገድ ላይ ወለቀ። የሱሪው እግር አጥሮለት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰውዬ ነበር። «አልደረሰም» ብዬ ስዘጋ ከጓሮ ጩኸት ሰማሁ። በሩን ከፍቼ ትቼው ነበር።

ውሻው ጀርባዋን ይዟታል። የቀረችኝን ጫማ ወረወርኩበት። ዶሮዋን ጥሎ ጫማዬን ይዞ ሄደ።

ከግራ ክንፏ ሥር እስከ ጭራዋ ድረስ ቆዳዋ ተቀዶ ተንጠልጥሏል። ሥጋዋ ይታያል። ንጹሕ አቡጀዲ ይዤ ደሙ እስኪቆም ተጫንኩት። ከዚያ፣ ልማድ ነው መሰል፣ ሜትሬን አወጣሁ፦ ርዝመት ዘጠኝ፣ ስፋት አራት ሳንቲም። ከዚያ በኋላ እጄ የሚያውቀውን አደረገ። መርፌ ቀቀልኩ፣ የሐር ክር አወጣሁ፣ ላባውን ከዳር ዳር ቆረጥኩ፣ ሰፋኋት። አሥራ አንድ ጥልፍ። በአንድ ዓይኗ እያየችኝ አንዴ እንኳ አልተወራጨችም።

ሳልዋሽ፣ ቆንጆ ስፌት ነው። ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ ላየው አይታይም።


ማክሰኞ፣ 5

ውሃ ጠጣች። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ካርቶን ውስጥ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ አስተኝቻታለሁ። ዩኒፎርም፦ ከስልሳው ሱሪ አሥራ አንዱ አለቀ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስድስት ሳምንት ቀረው።

ሬዲዮ መጣች። ጎረቤታችን ናት፤ ሬዲዮ ያልናት ዜናዋ ሰዓቱን ስለማያዛንፍ ነው። ጎንበስ ብላ ካርቶኑን አየች።

«ሰፋሃት?»

«ሰፋኋት።»

«ኪስ አላወጣህላትም?»

ስትወጣ በር ላይ ከሌላ ሴት ጋር አንሾካሾከች። የሬዲዮ ሹክሹክታ ሦስት ቤት ያልፋል። «ምስኪን፣ ከዶሮዋ ጋር ያወራል እኮ» አለች። አላወራሁም። ሱሪ ስቆርጥ ድምፄን አውጥቼ እቆጥራለሁ፤ እሱ ነው።


ሐሙስ፣ 7

አልበላችም። ዓይኗ ክድን ክድን ይላል። ስፌቱ እንዳማረ ነው። ዙሪያው ግን አብጧል፣ ይሞቃል። ጨርቁ ይሆናል የሸተተኝ ብዬ ቀየርኩት። ጨርቁ አይደለም።

እሑድ ትደውላለች። እሑድ እሑድ ነው የምትደውለው። ምን ልላት ነው?


አርብ፣ 8

የእንስሳት ሐኪሟ ልጃችንን የምታህል ወጣት ናት። ወረፋ ላይ ከፊቴ አንዲት የታመመች ፍየልና አንገቱ የታሰረ ድመት ነበሩ፤ ሁለቱም ከእኔ ረጋ ብለዋል። ተራዬ ሲደርስ ሐኪሟ ሳታይ በፊት አሸተተች።

«ማነው የሰፋት?»

ቀና አልኩ። «እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«እጅዎ ድንቅ ነው፣ ጋሼ» አለች። ደስ ሊለኝ ሲል፣ «ግን ሊገድሏት ነበር» አለችኝ።

የውሻ ጥርስ ቆሻሻ ነው፤ እርስዎ ቆሻሻውን ውስጥ ትተው በር ቆለፉበት፣ አለች። እንዲህ ያለ ቁስል አይሰፋም፤ ክፍቱን ይተዋል። ይታጠባል፣ ይጸዳል፣ ከታች ወደ ላይ ራሱ ይሞላል።

«ክፍቱን? እንዲህ እያስጠላ?»

«እያስጠላ። እስኪጠግግ እያዩት ይኖራሉ።»

መቀሱን እጄ ላይ አስቀመጠችው። «የት እንደጀመሩና የት እንደቋጠሩ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት» አለች። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሰፍቻለሁ፤ የራሴን ስፌት እንደዚህ እያፈርኩ ተርትሬ አላውቅም። አምስተኛው ጥልፍ ላይ መግሉ ፈሰሰ። ወይዘሪት ትንፋሿን ለቀቀች፤ እኔ ደግሞ መቀመጫ ፈለግሁ።

እንዳልረሳ፦ ጠዋትና ማታ ፈልቶ በቀዘቀዘ፣ ጨው ጠብ ባለበት ውሃ ማጠብ። አዮዲን ቀጭን ሻይ እስኪመስል አቅጥኖ። መድኃኒቱን በጠብታ ሰባት ቀን። ዝንብ እንዳያርፍባት። ከወለደች እንቁላሉን አለመብላት።

ከወለደች ትላለች። ተስፋ አላት ማለት ነው ሐኪሟ።


ቅዳሜ፣ 9

አጠብኩ። ሁለቴ።  


እሑድ፣ 10

ደወለች። ሁልጊዜ እንደሚሆነው መጀመሪያ ልጃችን፣ «አባዬ፣ ደህና ነህ? እየበላህ ነው?»፣ ቀጥሎ የሕፃኑ ትንፋሽ ጆሮዬ ላይ፣ ከዚያ እሷ።

«ወይዘሪትስ?»

«ደህና ናት።»

«ትበላለች?»

«እንዴታ!»

ይህን ስል ወይዘሪት ጠረጴዛው ሥር አንገቷን አንጠልጥላ ነበር። ጀርባዬን ሰጠኋት።

ከዚያ ባለቤቴ፣ «ዝናቡ እንዴት ነው? ቤትህ ያፈስ ነበር፣ ጣሪያውን አሠራኸው?» አለች። አሠርቻለሁ አልኩ። (አላሠራሁም፤ ባልዲ አስቀምጫለሁ።) «በል ደህና ሁን» አለችና ዘጋች።

ቤትህ አለች። ሠላሳ አራት ዓመት «ቤታችን» ስትል ነው የኖረችው። ምላሷን አዳልጧት ይሆናል። ሕፃን የያዘ ሰው ሐሳቡ ይበታተናል።


ረቡዕ፣ 13

ትል። ጠዋት ፋሻውን ስገልጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አየሁ። ትናንት ሱሪ ስተኩስ መስኮቱን ከፍቼው ነበር፤ ዝንብ ገብታለች። በወረንጦ አንድ በአንድ ለቀምኩ፤ ሃያ ሦስት። መነጽሬ በእንባ ይሁን በእንፋሎት ጨፈገገ፣ እየጠረግሁ ለቀምኩ።

ሬዲዮ፣ «ወንድሜ፣ ሳትቆሽሽ ለድስት ትሻል ነበር» አለችኝ። ጮኽኩባት። እኔ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም፤ እሷም ተጮሆባት አያውቅም፤ ሁለታችንም ደነገጥን። ማታ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ግድ የለም፣ ዶሮዋ አይደለችም ያናደደችህ» አለችኝ። ምን ለማለት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

አሁን ካርቶኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። አትጠጣም። ጭንቅላቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገርጥቷል። ብትሞትብኝስ? ከእህቷ የቀረቻት ይህች ናት። አደራ በላ መባሉ አይደለም የሚያሳስበኝ። ከእንግዲህ እሑድ ስትደውል ስለ ምን እናወራለን?

የሐኪሟ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። እኔ የምዘጋ ሰው ነኝ። እህቷ በሞተች በሦስተኛው ሳምንት፣ ባለቤቴ እዚህ መስኮት ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ፣ «በቃ፣ አሁን ይዘጋ» አልኳት። በክፋት አይደለም። አይቼ ስለማልችል ነው፤ የሰው እንባ ሳይ የተቀደደ ነገር ያየሁ ይመስለኛል፣ እጄ አያርፍም። እሷም ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ስለ እህቷ አንዲት ቃል አልወጣትም። ቤቱ ሰላም ሆነ። እኔም ጥሩ ሰፋሁ ብዬ ነበር።


ሐሙስ፣ 14

እኔ ደወልኩ። ሐሙስ ነው፤ እሑድ አይደለም። «ምን ሆነሃል?» አለች ገና ሃሎ ሳልል። ድምፅዋ ፈርቶ ነበር። ለእኔ ይሁን ለሌላ አላውቅም።

ነገርኳት። ስልኩን፣ በሩን፣ ውሻውን፣ ስፌቱን፣ ትሉን። እሑድ የዋሸሁትንም።  የሚጮኽ ድስት ይሰማኝ ነበር ከወዲያ። እሷ ስትቆጣ አትጮኽም፤ ዝም ስትል ነው የምፈራት።

«የእንቁላል አስኳል ቀቅለህ አልስልስ» አለች መጨረሻ ላይ። «በውሃ አቅጥነህ በጣትህ ጫፍ ምንቃሯ ዳር ቅባላት። አፏን በግድ አትክፈት፤ ራሷ ትልሳለች። እህቴ እንደዚያ ነበር የምታደርገው።»

እህቴ አለች።

«ነገ እደውላለሁ» ብላ ዘጋች። ነገ አርብ ነው።


አርብ፣ 15

ደወለች። ላሰች! ሦስት ጊዜ ላሰች።


ቅዳሜ፣ 16

ደወለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገህ ወደ ካርቶኑ አስጠጋው አለችኝ። አስጠጋሁት። «ነይ የኔ እመቤት፣ ነይ የኔ ቆንጆ፣ ማን ነካብኝ?» አለች። ወይዘሪት አንገቷን ቀና አደረገች፤ ከስንት ቀን በኋላ። እኔም ቀና ብዬ ነበር። ማንም አላየኝም፤ ሬዲዮ እንኳ አልነበረችም።


ማክሰኞ፣ 19

ዛሬም። አሥራ ሁለት ደቂቃ። ስለ ቁስሉ አራት ደቂቃ ያህል ነው፤ ሌላው ስለ ሌላ ነገር ነው። ሕፃኑ ጥርስ አወጣ። ደረጃው ጉልበቷን ያማታል። ጎረቤት የሚባል ነገር እዚያ የለም፣ ሰው በሩን ዘግቶ ይውላል አለችኝ። «አንተስ ምን በላህ?» አለች። ድንች። «ትናንትም ድንች አልክ።» ልክ ናት።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ዩኒፎርም ሊያይ መጥቶ ቆሞ ሲያወራ ወይዘሪት ከእግሩ ሥር ድምፅ አሰማች። ዘለለ። «ዶሮ ነው?» «ደንበኛ ናት» አልኩት። ከሄደ በኋላ ብቻዬን ሳቅሁ። ይህን ነገ እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ለሰው የማስቀምጠው ወሬ ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

ትራሷ አልጋው ላይ እንዳለ ነው። ሽታዋ ከለቀቀው ቆይቷል። ሳጥን ውስጥ የቀረ ሹራቧን አውጥቼ አንገቱ ላላ ብሏል ብዬ አጠበቅሁት። ከዚያ ፈታሁት። ማን ጠይቆኝ?


ሰኞ፣ 25

ሐኪሟ ጋ ሄድን። ፋሻውን ገለጠችና፣ «ይዩት፣ ጋሼ! ሮዝ ሆኗል። ከታች እየሞላ ነው» አለች። ያስጠላኝ የነበረው ጉድጓድ ሥጋ አብቅሏል፤ ዳር ዳሩ ጠግጓል። ቤት ስገባ ለካሁ። ደብተሩ ፊት ለፊት ከደንበኞቼ ተርታ ጽፌዋለሁ፦ ወይዘሪት፣ ርዝመት 5፣ ስፋት 2። ሌላው ደንበኛዬ ሁሉ በየዓመቱ ይሰፋል፤ የእሷ ብቻ ይጠባል።

ደስ አለኝ። ለባለቤቴ ነገርኳት፣ እልል አለች፣ ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ። «እንግዲህ ዳነች ማለት ነው» አለች። «ከእንግዲህ በየቀኑ አላስቸግርህም።»

አላስቸግርህም አለች።

ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ዶሮዋን አይቼ ከፋኝ። ዶሮ በመዳኗ የሚከፋው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?


ማክሰኞ፣ 26

አልደወለችም።

ዩኒፎርም አርባ አንድ።


ረቡዕ፣ 27

እኔ ደወልኩ። «ዳሩ ላይ ትንሽ ቀላ ብሏል» አልኳት። አልቀላም። «ውይ! በጠዋት አጥበው፤ ነገ እደውላለሁ» አለች።

ነገ ትደውላለች። ያልኩት ትንሽ ነገር ነው፤ የመርፌ ጫፍ ያህል ነው።


ቅዳሜ፣ 30

ወይዘሪት ከካርቶኑ ወጥታ ሱቁን ትዞራለች። ቀለም ቀለም ያለውን ክር ሁሉ ትጎትታለች። ባለቤቴ ስትደውል ግቢ ውስጥ መሬት እየጫረች ነበር። «ዛሬስ?» «ያው ናት፣ ተኝታለች» ስል፣ ያቺ የማታፍር፣ ከተነከሰች ወዲህ የመጀመሪያ እንቁላሏን ጣለችና ሰፈሩን እስክታናውጥ አስካካች።

«የማን ዶሮ ናት?»

«የሬዲዮ።»

«ሬዲዮ ዶሮ ገዛች?»

«አንድ... ሰሞኑን።»

 ሬዲዮ ዶሮ የላትም፤ ይኸው በእኔ ምላስ ባለ ዶሮ ሆነች። ባለቤቴ፣ «በል በደንብ ያዛት» አለች።


ሐሙስ፣ 5

በየቀኑ ትደውላለች። በየቀኑ እዋሻለሁ። ትናንት መግል፣ ዛሬ ትኩሳት። ጤነኛ ዶሮ አጠገቤ ቆማ ታየኛለች። ላባ እያወጣች ነው፤ እንደ ብሩሽ ቁጥ ቁጥ ብሏል። ልኬት፦ ርዝመት 2፣ ስፋት ምንም።

ውሸታም ነኝ። ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ተነሣሁ፤ «እንዴት አደረ ቁስሉ?» ስትል ድምፅዋን ስሰማ አፌ ሌላ ተናገረ።


ሰኞ፣ 9

ዛሬ ሌላ ነገር ሆነ።

ስለ ቁስሉ ዋሽቼ ስጨርስ ሳልጠይቃት ስለ እህቷ ማውራት ጀመረች። እህቷ ዶሮ ስትጠራ እንዴት እንደምትጠራ። ሲያማት ደግሞ ወይዘሪትን አልጋዋ ላይ እያስቀመጠች አንሶላ እንደምታስቆሽሽ። ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ።

«አንድ ቀን ነው የዘገየሁት» አለች። «አንድ ቀን።»

አውቀዋለሁ። ማታ ነበር የተደወለላት፣ ታማለች ነይ ተብሎ። ሃያ ሸሚዝ ማስረከቢያው ቀርቦ ነበር። የቁልፍ ቀዳዳ እንደ እሷ የሚጠልፍ የለም። «ነገ ቀዳዳውን ጨርሰሽ ከነገ ወዲያ ሂጂ» አልኳት። አንድ መቶ አርባ ቀዳዳ። ጨርሳ ሄደች። ስትደርስ እህቷ ጠዋት አርፋለች።

ይህንን ደብተር ከጀመርኩ ጀምሮ ይህንን ስዞረው ነበር። ይኸው ጻፍኩት።

 ጉሮሮዬ ላይ የመጣው ያ የድሮ ቃል ነበር፣ ይዘጋ የሚለው። መለስኩት። «እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ» አልኳት። «ሸሚዞቹን ማን እንደለበሳቸው እንኳ አላስታውስም። እህትሽን ግን አስታውሳታለሁ።»

አለቀሰች። አላቋረጥኳትም። «አይዞሽ» እንኳ አላልኩም። ያስጠላል፤ እጅ አጣምሮ የሰው ለቅሶ መስማት ያስጠላል። ሰማሁት። ካርቶኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጬ እስክትጨርስ ሰማሁት። መጨረሻ ላይ አፍንጫዋን ተናፍጣ፣ «ቅዝቃዜ ነው፣ ጓሮ አታስወጣት» አለችኝ።

ጓሮ ውስጥ ነበረች።


አርብ፣ 13

ዩኒፎርሙ አለቀ፣ ተረከቡኝ። ስልሳ።

ባለቤቴ ደወለች፦ «ልመጣ ነው። እሑድ። እንደምትለኝ ከሆነ አትተርፍም፤ ሳላያት እንዳትሞት። አንዴ ዘግይቻለሁ።»

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ወለሉን ጠረግሁ፣ ባልዲውን ደበቅሁ፣ መስታወት አየሁ፣ ጢሜን ላጨሁ። ከዚያ ወይዘሪት መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘላ ወጣችና ጠመኔዬን ጠቅ ጠቅ አደረገች። ጀርባዋ ላይ አዲሱ ላባ ቀልቷል፤ ቁስሉ የት እንደነበር ለማግኘት እኔ እንኳ እፈልገዋለሁ።

አንዴ ዘግይቻለሁ አለች። የሞተች እህቷን ይዤ ነው የዋሸኋት። ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ እያለቀሰች ትመጣና ይህችን ጠመኔ የምትበላ ዶሮ ታያለች። ከዚያስ በየትኛው አፌ ነው የማናግራት?

ብትመጣ ትምጣ፣ ከመጣች በኋላ ብነግራትስ? ቢያንስ አያታለሁ። ይህን ሁለት ሰዓት ያህል አሰብኩት። የማፍርበትም ቢሆን አሰብኩት።


ቅዳሜ፣ 14

ከሰዓት በኋላ ደወልኩላት። ሕፃኑ ተኝቶ ነበር፣ በሹክሹክታ ነው ያናገረችኝ።

«አትምጪ» አልኳት።

«ሞተች?»

«ድናለች። ከዳነች ቆይታለች። ዋሽቼሽ ነው።» ፈራሁ፤ ግን ከጀመርኩ አልቆምም ብዬ ቀጠልኩ። «ቀላ ብሏል ያልኩሽ፣ መግል ያልኩሽ፣ ትኩሳት ያልኩሽ፣ ሁሉም ውሸት ነው። ያስካካችው እሷ ናት። ለእሷ ብለሽ ከሆነ አትድከሚ።»

 

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ሬዲዮ ደውላ የነገረችኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። ‹ዶሮሽ አበባዬን ጭራ ጨረሰችው፣ ባልሽን አንድ በዪልኝ› ብላ።»

ሁለት ሳምንት። ጣቶቼ ላይ ቆጠርኩ፤ በየቀኑ ደውላለች። በየቀኑ «ቁስሉ እንዴት አደረ?» ብላለች። ትኩሳት ስላት በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዛት ብላለች። ሰኞ ዕለትም፣ ያን ሁሉ ስታለቅስ፣ ታውቅ ነበር።

«ታዲያ ለምን ትደውዪ ነበር?»

 ከወዲያ የአልጋ ድምፅ ሰማሁ፣ ብድግ ያለች መሰለኝ፣ በር ገፋ አድርጋ ወጣች። ድምፅዋ ከሹክሹክታ ወጣ።

«ትኬቱን ቆርጫለሁ» አለች። «ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እገባለሁ። መናኸሪያው ድረስ ና፤ ሻንጣው ከባድ ነው፣ ብቻዬን አልችለውም።»

«እሺ» ብዬ ዘጋሁ። ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ዶሮ ጠይቆ ለሚመለስ ሰው ሻንጣ ለምን ይከብደዋል?  ሠላሳ አራት ዓመት አብሬያት ስኖር ጠዋት ማታ አጠገቤ ስለነበረች አንዲት ቃል ሳልላት ቀርቻለሁ፤ ከሄደች በኋላም በየእሑዱ ምላሴ ላይ ደርሳ ትመለሳለች። ደግሜ ደወልኩ።

«አሁን ደግሞ ምን ሆንክ?»

«ናፍቀሽኛል» አልኳት።

ረጅም ትንፋሽ ወሰደች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

«አንተ ሰውዬ» አለች፣ «ይህቺን ለማለት ዶሮ መነከስ ነበረባት?»